የምኒልክ ሐውልት ከዲላ ሲታይ፤ ለመንግሥት ሰው ስለሚቆም መታሰቢያ የቀረበ ትችት

መግቢያ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በአዲስ አበባ፣ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የቆመውን የዳግማዊ አጤ ምኒልክን ሐውልት መርምሮ፣ ለአንድ የመንግሥት ሰው በአደባባይ መታሰቢያ ሲቆም ምን ሊነገርለት እንደሚገባና ምን ሊታለፍ እንደማይገባ ለመጠየቅ ነው። ሐውልቱ የሚገኘው ከዲላ ሦስት መቶ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ነገር ግን ሐውልቱ የቆመላቸው ሰው ያቋቋሙት አስተዳደር እስከ እኛ አገር ደርሶ፣ በአያቶቻችን መሬትና ጉልበት ላይ ሥራውን ስለ ሠራ፣ ጉዳዩ ከእኛ የራቀ ነው ማለት አይቻልም።

ለመጻፍ ምክንያት የሆነኝ ከጓደኞቼ ጋር ያደረግነው ክርክር ነው። የክርክሩ ርእስ ለታሪክ ሰዎች ሐውልት ማቆም ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ነበር። አንደኛው ወገን የምኒልክን ሐውልት መንካት ኢትዮጵያን መንካት ነው አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሐውልቱ እስካለ ድረስ የደቡብ ሕዝብ ስድብ ተሸክሞ ይኖራል አለ። ሁለቱም ወገኖች ብዙ ተናገሩ፤ ተጨበጨበላቸውም። ነገር ግን ከተናጋሪዎቹ መካከል ስለ ሐውልቱ ስለ ራሱ፣ ማለትም ማን እንዳሠራው፣ መቼ እንደ ቆመ፣ ምን ዓይነት ምስል እንደ ሆነ አንድ ቃል የተነፈሰ አልነበረም። እኔም ከተናጋሪዎቹ አንዱ ስለ ነበርሁ ወቀሳው እኔንም ይነካል። ከዚያ በኋላ ለጉዳይ አዲስ አበባ በሄድሁ ጊዜ ወደ አራዳ ወጥቼ ረዘም ላለ ሰዓት ቆሜ ተመለከትሁት። የሚከተለው ያየሁትና ካየሁት በኋላ ያሰብሁት ነው።

ሐውልቱና ያሠሩት ሰዎች

ሐውልቱ ከከፍተኛ የድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ የነሐስ ሥራ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ዘውድ ደፍተው፣ የፊት እግሮቹን ባነሣ ፈረስ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ወደ ሰሜን ነው፤ ይኸውም ወደ ዓድዋ እንዲመለከቱ ታስቦ ነው ይባላል። ከሥር የቆመ ሰው ፊታቸውን በደንብ ለማየት አንገቱን ማቅናት አለበት፤ በቅድሚያ የሚታየው የፈረሱ ደረትና ሰኮናው ነው።

ሐውልቱን ያሳሰቡት ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ ናቸው። ሥራውን የነደፈው ጀርመናዊ ባለሙያ ነው። ንግሥቲቱ ግን ሳያዩት በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ሐውልቱም የተመረቀው ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ ማለት በአጤ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። ይህ ቀን እንዲያው የተገኘ ቀን አይደለም። በማግሥቱ ዘውድ የሚደፋው ንጉሥ፣ ከውጭ አገር በመጡ መልክተኞች ፊት፣ የታላቁን ንጉሥ ሐውልት ሲያስመርቅ፣ እኔ የዚህ ሰው ወራሽ ነኝ ማለቱ ነው። እንግዲህ የልጅ ፍቅር የጀመረውን ሥራ የመንግሥት ፖለቲካ ፈጸመው።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ማንኛውም የአደባባይ ሐውልት ሁለት ሰዎችን ያሳያል፤ አንዱ በላይ የተቀመጠው ነው፤ ሁለተኛው ያስቀመጠው ነው። የመጀመሪያው በዐይን ይታያል፤ ሁለተኛውን ለማየት ቀኑን መጠየቅ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ የሌኒን ሐውልት በደርግ ዘመን ቆሞ፣ ደርግ በወደቀበት በግንቦት 1983 ዓ.ም. መፍረሱን ያስታወሰ ሰው ይህን አይክድም። ሌኒን አዲስ አበባን አይቷት አያውቅም፤ የወደቀውም ሌኒን ሳይሆን ያቆመው መንግሥት ነበር።

የምኒልክ ሐውልት ግን ያቆሙት ከሄዱ በኋላም ቆሞ ቀርቷል፤ ይህም ኃይሉን ያሳያል። ኃይሉን አስቀድሞ ያወቀው ጠላት ነው። ኢጣሊያ አዲስ አበባን በያዘች ጊዜ ሐውልቱን አንሥታ ደበቀችው፤ ከነጻነት በኋላ ወደ ስፍራው ተመለሰ። አንድ መንግሥት ከነሐስ ፈረስ ጋር የሚዋጋው ፈረሱ የሚናገረውን ሲሰማ ብቻ ነው። የዓድዋ ድል ለፋሺስቶች የአርባ ዓመት እፍረት ነበር፤ ምስሉን ከዐይን ማራቅ እፍረቱን ማራቅ መሰላቸው። ስለዚህ ይህን ሐውልት ተራ የነገሥታት ጌጥ አድርጎ የሚመለከት ሰው ታሪኩን አላነበበም።

የተከበረው ጦረኛው ነው ወይስ የመንግሥት ሰው?

አሁን ወደ ትችቱ ልግባ። አጤ ምኒልክ ስለ ጦር ድላቸው ብቻ የሚታወሱ ሰው አይደሉም። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን የሾሙ እርሳቸው ናቸው። የአቢሲኒያ ባንክ በዘመናቸው ተከፍቷል፤ በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤትም እንዲሁ። ስልክና ቴሌግራፍ ያስገቡት፣ የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ እንዲመጣ የፈቀዱት እርሳቸው ናቸው፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ግን ከሞቱ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው። በአውሮፓ መንግሥታት መካከል ያለውን ቅናት አይተው አንዱን በሌላው ሲመልሱ መኖራቸውን የውጭ ሰዎች ስንኳ በአድናቆት ጽፈውታል። አፍሪካ እንደ ሥጋ በምትቈረስበት ዘመን አገር ይዞ መቆየት ከጦር ሜዳ ውጭ ብዙ ሥራ ይጠይቃል፤ በደብዳቤ፣ በውል፣ በትዕግሥት፣ ሰውን በመምረጥ የሚሠራ ሥራ።

ከዚህ ሁሉ አንዱም በሐውልቱ ላይ አይታይም። የተመረጠው ፈረስ ነው። ይህ አቀማመጥ ከሮም ጀምሮ በአውሮፓ አደባባዮች ለነገሥታትና ለጦር አለቆች የሚሰጥ የታወቀ አቀማመጥ ነው፤ ነዳፊውም ከአገሩ የለመደውን አመጣ። ለመንግሥት ሰው የሚሆን አቀማመጥ ግን አልፈለገም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

አንድ ሰው ፈረስ የእኛም ባህል ነው ብሎ ሊቃወመኝ ይችላል። እውነት ነው። በአገራችን አንድ ታላቅ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል። ነገር ግን ይህ ተቃውሞ የእኔን ነገር የሚያጠነክር ይመስለኛል። የምኒልክ የፈረስ ስም አባ ዳኘው ነው። ዳኘ ማለት ፈረደ ማለት ነው። ስሙን ያወጡላቸው ሰዎች ከፈረሱ ላይ ያዩት ዳኛን ነበር። የአራዳው ፈረስ ግን የሚያሳየው ኃይልን ብቻ ነው፤ ዳኝነቱ ከነሐሱ ውስጥ አልገባም። ነዳፊው አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ ሥራው ሌላ ይሆን ነበር እስከማለት እደርሳለሁ።

ዳኝነት ከተነሣ ደግሞ ጥያቄው ወደ እኛ አገር ይወርዳል። ዳኛ የሚመሰገነው በተፈረደላቸው ሰዎች ብቻ አይደለምና፤ የተፈረደባቸውም ይጠየቃሉ።

ከጌዴኦ በኩል ሲታይ

በመንግሥት መዝገብ ለብዙ ዘመን ደራሳ ተብሎ ሲጠራ የኖረው የጌዴኦ አገር በማዕከላዊው መንግሥት ሥር የገባው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1895 ገደማ ነው። የዓድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ ነገሮች የሆኑት በአንድ ዘመን፣ በአንድ ንጉሥ፣ አንዱ ከሌላው ጥቂት ወራት ወይም አንድ ሁለት ዓመት ተራርቀው ነው። በትምህርት ቤት መጽሐፋችን ግን በሁለት ልዩ ምዕራፎች ይገኛሉ፤ አንዱ ነጻነት፣ ሌላው የግዛት መስፋፋት ይባላል። እኔ ሁለቱን ምዕራፎች በአንድ ገጽ ላይ አስቀምጬ ማንበብ እፈልጋለሁ።

ያን ጊዜ ጌዴኦ መንግሥት አልባ አልነበረም። በባሌ ሥርዓት መሪዎች በየጊዜያቸው ሥልጣን እየተረካከቡ፣ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው እየመከሩና እየፈረዱ የሚኖር ሕዝብ ነበር። እንሰትና ዛፍ አንድ ላይ እየተከለ፣ በኋላም ቡናን ከጥላ ሥር እያበዛ፣ ጠባብ መሬት ላይ ብዙ ሰው የሚያኖር የእርሻ ዘዴም ነበረው፤ ዛሬም አለው።

በዚህ ሕዝብ ላይ የመጣው አስተዳደር ለወታደሩ ደመወዝ የሚከፍልበት ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ በደመወዝ ፈንታ ሰው ሰጠው። ወታደሩ ገባር ይመደብለታል፤ ገባሩም እህልና ማር ይሰጣል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ቤት ይሠራል፣ አጥር ያጥራል፤ ሚስቱም እህል ትፈጫለች። በኋላ መሬቱ በቃላድ እየተለካ ለባለርስት ሲሰጥ፣ ገባር የነበረው በአባቱ መሬት ላይ ጢሰኛ ሆነ። ቡናውም ዋጋ እያወጣ ሲሄድ የባለርስቱ ድርሻና የጢሰኛው ጥላቻ አብረው አደጉ።

የዓድዋና የጌዴኦ ነገር አንድ ላይ የሚገናኝበትን ሰው ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ አባ ነፍሶ፣ በዓድዋ መድፈኛ ሆነው ስማቸውን ያስጠሩ ጀግና ናቸው። ከዓድዋ በኋላ ደግሞ ሲዳሞን ገዝተዋል፤ ግዛቱም የእኛን አገር ይጨምር ነበር። በመጨረሻም በስተርጅና ከኢጣሊያ ጋር ሲዋጉ ሞቱ። በአዲስ አበባ ስማቸው በክብር ይነሣል፤ የሚገባቸውም ነው። በጌዴኦና በሲዳማ ግን ከመድፉ ይልቅ የሚታወሰው ግብሩ ነው። ሁለቱም ትዝታዎች የአንድ ሰው ናቸው። አንዱን ውሸት ነው ለማለት የሚደፍር ሁሉ ማስረጃ ማምጣት አለበት።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ከቅኝ ገዢ ያዳነን ጦር በእንጀራ ይኖር ነበር፤ እንጀራውን የሚያቀርቡት ገባሮች ነበሩ። የዓድዋ ነጻነት ዋጋ ተከፍሎበታል ስንል፣ በሜዳው ላይ ደማቸውን ካፈሰሱት ጋር፣ ለወታደሩ ማደሪያ ተብለው ለሁለት ትውልድ ጉልበታቸው የተወሰደውንም መቍጠር ይገባናል። ሐውልቱ ግን ወደ ሰሜን ነው የሚያየው። ከአራዳ ዲላ በስተ ደቡብ ነው። ንጉሡ ወደ ዓድዋ ሲመለከቱ ለእኛ የሚታየን ጀርባቸው ነው። ነዳፊው ይህን አስቦ እንዳላደረገው አውቃለሁ፤ ነገር ግን ከዲላ የሄደ ተማሪ እዚያ ሲቆም ይህን ሳያስብ አይቀርም።

ነገሩ ከምኒልክ ጋር አላበቃም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 የጌዴኦ ገበሬዎች በባለርስቶች ላይ ተነሡ፤ በሚችሌ በተደረገው ግጭት አብዛኛው ገበሬ የያዘው ጦርና ጎራዴ ሲሆን፣ በሌላው ወገን ጠመንጃ ነበረ። ብዙ ሰው አለቀ። ጢሰኝነት በሕግ የቀረው ከዚያ በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ነው። የእኔ አያት በዚያ ዘመን ጢሰኛ ነበሩ። ስለ አጤ ምኒልክ ስጠይቃቸው ስለ ንጉሡ ብዙ አይናገሩም፤ የሚናገሩት ስለ ቡናው መለኪያና መለኪያውን ስለ ያዘው ሰው ነው። በመንግሥት ሥር የኖረ ገበሬ መንግሥቱን የሚያውቀው በመጨረሻው ሹም እጅ ነው።

ስለሚነሡት ተቃውሞዎች

ለዚህ ትችት የሚሰጡ መልሶች አሉ፤ በጥሞና ሊታዩ ይገባል።

የመጀመሪያው፣ ያለፈን ሰው በዛሬ ሚዛን መመዘን አይገባም የሚል ነው። ይህ አነጋገር በከፊል ትክክል ነው። ምኒልክ ስለ ሰብአዊ መብት የተጻፈ ሰነድ አላነበቡም፤ ገባርነትም እርሳቸው የፈለሰፉት አልነበረም። ነገር ግን ገባሩ ራሱ የዘመኑ ሰው ነበር፤ ሥርዓቱ ከባድ መሆኑን ያወቀው ዛሬ አይደለም፤ በተሸከመበት ቀን ነው። የዘመኑ ሚዛን ሲባል የጌታው ሚዛን ብቻ መሆን የለበትም።

ሁለተኛው፣ ዓድዋ ብቻውን ይበቃል የሚል ነው። ለዓድዋ ከሆነ አዎን፣ ይበቃል። እኔም በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን ደስ ይለኛል። የኢጣሊያ ሹም በዲላ ተቀምጦ ለአርባ ዓመት ቢገዛን ኖሮ አያቴ ከጢሰኝነት ይድኑ ነበር የሚል ሰው ካለ የሊቢያንና የኤርትራን ታሪክ ያንብብ። ነገር ግን ምስጋና የደረሰኝ ማስረጃ ነው እንጂ ጥያቄን የሚዘጋ ማኅተም አይደለም።

ሦስተኛው መልስ ከሌላው ወገን የሚመጣ ሲሆን፣ እንግዲያው ሐውልቱ ይነሣ የሚል ነው። በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በሐረር የራስ መኰንን ሐውልት በቍጣ ፈረሰ፤ ሥራው የአፈወርቅ ተክሌ ነበር። በዚያው ሰሞን በለንደን፣ በዊምብልደን፣ በስደት ዘመን የተሠራው የአጤ ኃይለ ሥላሴ ምስል ተሰባበረ። ቍጣው ከየት እንደ መጣ ይገባኛል፤ ብዙ ሰው በሐዘን ላይ ነበር። ነገር ግን በማግሥቱ የቀረው ባዶ መሠረት ስለ ገባር አንድ ነገር አልተናገረም። ስለ ራስ መኰንን በጎም ሆነ ክፉ የማያውቅ ልጅ፣ ከመፍረሱ በኋላም አያውቅም።

አንዳንድ ጓደኞቼ በደቡብ አፍሪካ የሆነውን ይጠቅሳሉ። በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የሴሲል ሮድስ ሐውልት በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በተማሪዎች ተቃውሞ ተነሥቷል። ምሳሌው መልካም ነው፤ ልዩነቱን ግን ማየት ይገባል። ሮድስ መሬቱን ከወሰደባቸው ሰዎች ጋር አንድ አገር አልመሠረተም፤ የጋራ ድልም የለውም። በምኒልክ ግን ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሰው ላይ ተጣብቀዋል። ሐውልቱን ስናነሣ በደሉ ብቻ ተለይቶ አይነሣልን፤ ድሉም አብሮ ይነሣል፤ ስናወድሰው ደግሞ ድሉ ብቻ ተለይቶ አይወደስልን። ለዚህ ነው ነገሩ አስቸጋሪ የሆነው፤ አስቸጋሪነቱንም መሸሽ አይጠቅምም።

ሌላም መንገድ ተሞክሯል። በ2006 ዓ.ም. በአርሲ በአኖሌ፣ የምኒልክ ጦር አድርሶታል ለሚባለው ግፍ መታሰቢያ ሐውልት ቆመ። ያቆሙት ሰዎች የራሳቸውን ሙታን ለማሰብ መብት አላቸው። ሆኖም ሐውልት ለሐውልት መልስ ሲሰጥ የሚሰማው ክርክር እንጂ ታሪክ አይደለም፤ የአንዱ ተመልካች ወደ ሌላው አይሄድምና። በአንጻሩ በየካቲት 2016 ዓ.ም. በአራዳ፣ ከምኒልክ ሐውልት አጠገብ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ክብሩን ከአንድ ፈረሰኛ ወደ ብዙ ተዋጊዎች ለማስፋት ያሰበ ነው። ይህ አሳብ ከሁሉ የተሻለ ነው። የጐደለው ነገር ቢኖር፣ ብዙዎቹም ቢሆኑ የተከበሩት በተዋጉበት ቀን መሆኑ ነው። ጦሩን ያበላው ገበሬ ከተዋጊው እኩል ስፍራ አላገኘም።

የትክል ድንጋዮቹ ምን ያስተምሩናል?

ጌዴኦ ስለ መታሰቢያ የሚማረው ከአውሮፓ ብቻ አይደለም። አገራችን ራሷ የመታሰቢያ አገር ናት። በጨልባ ቱቲቲ፣ በቱቱ ፈላ፣ በሳካሮ ሶዶና በሌሎችም ስፍራዎች የቆሙትና የወደቁት ትክል ድንጋዮች በዓለም የታወቁ ናቸው። በ1990ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሮዤ ዡሶም የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ቆፍሮ አጥንቷቸዋል፤ በ2021 ደግሞ የወጣ ጥናት በሳካሮ ሶዶ ያሉት ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት ገደማ የቆሙ መሆናቸውን አመልክቷል፤ ይህም ቀድሞ ከሚታሰበው አንድ ሺህ ዓመት ያህል የራቀ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር ድንጋዮቹን ጨምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ መምህር እነዚህን ድንጋዮች የአረማውያን ቅሬታ ናቸው ብሎ አልፏቸው ነበር። እኛም ደብተራችን ላይ እንዲሁ ጻፍን። ያው መምህር ስለ አዲስ አበባ ሐውልቶች ሲያስተምር ግን በአድናቆት ነበር። በተቀረጸ ምስል የማይሰገድ ከሆነ ሕጉ ለነሐሱም ለድንጋዩም አንድ መሆን ነበረበት፤ ይህን ያን ጊዜ ለመጠየቅ አልደፈርሁም።

ድንጋዮቹን ከአራዳው ሐውልት ጋር ሳነጻጽር ልዩነታቸው ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ድንጋዮቹ ብዙ ናቸው፤ በቱቱ ፈላ ተጠጋግተው፣ አንዱ በሌላው ትከሻ አጠገብ ቆመዋል። ሁለተኛ፣ ከፍ ያለ መሠረት የላቸውም፤ ከመሬቱ ውስጥ ነው የወጡት፤ የሰው መልክ ያላቸው ከሚመለከታቸው ሰው ጋር ፊት ለፊት ይተያያሉ። ሦስተኛ፣ በቱቱ ፈላ ከሥራቸው መቃብር አለ፤ መታሰቢያውና የሚታሰበው ሰው አልተለያዩም። አራተኛ፣ በአደባባይ ሳይሆን በእንሰትና በቡና መካከል፣ ሰው በሚሠራበት ስፍራ ናቸው።

እዚህ ላይ ራሴን ላስጠንቅቅ። ያለፈውን ማሳመር ቀላል ነው። ድንጋዮቹ ለባለጸጎችና ለጦር መሪዎች ብቻ የቆሙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ድንጋዩን ፈልፍሎ የተሸከመው ሰው የራሱ ድንጋይ አግኝቶ እንደ ሆነ የሚነግረን የለም። ስማቸውም ጠፍቷል። ስለዚህ የድንጋዮቹ ዘመን የእኩልነት ዘመን ነበር አልልም። የምለው ስለ አቀማመጣቸው ብቻ ነው። ሙታንን አንድ ላይ ማቆም፣ ተመልካችን ወደ ታች አለማየት፣ መታሰቢያን ከኑሮ አለመለየት ይቻላል፤ ይህንም ከእኛ በፊት በዚሁ መሬት የኖሩ ሰዎች አድርገውታል። ስማቸው መጥፋቱም ትምህርት ነው፤ ያልተጻፈ ስም ድንጋይም አያድነውምና።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የደረስሁበትን በአጭሩ ላቅርብ።

የምኒልክ ሐውልት በስፍራው መቆየት አለበት ብዬ አምናለሁ። ጠላት አንሥቶት የተመለሰ ሐውልት እኛ ራሳችን ብናነሣው የሚናገረው ነገር መልካም አይሆንም። ነገር ግን ብቻውን ሊቆም አይገባም። በአጠገቡ በግልጽ አማርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች፣ የዓድዋን ድል፣ የሚኒስትሮቹን መሾም፣ የባቡሩን ውል፣ እንዲሁም የገባርን ሥርዓት በአንድ ሰሌዳ ላይ የሚያስረዳ ጽሑፍ ሊኖር ይገባል። ለመንግሥት ሰው የሚገባው ክብር ሥራው ሁሉ እንዲነበብ ማድረግ ነው። የተመረጠ ውዳሴ ለሕፃናት ይበቃል፤ አገር ለመራ ሰው ግን ያንሰዋል። አባ ዳኘው ተብሎ የተጠራ ሰው ራሱ ለዳኝነት ቢቀርብ ክብሩ አይጎድልም።

በዲላም ወደፊት ለታላቅ ሰው ሐውልት ይቁም የሚል አሳብ ቢነሣ፣ ከአራዳ ፈረሱን እንዳንቀዳ እለምናለሁ። ከመቆሙ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቁ፤ የሚያቆመው ማን ነው? የሚከበረው ከሥራው የትኛው ነው? ሥራው የከበዳቸው ሰዎችስ ተጠይቀዋልን? ለእነዚህ መልስ ያላገኘ ሐውልት ባይቆም ይሻላል።

የመጨረሻው አሳቤ ለተማሪዎችና ለመምህራን ነው። በሚችሌ የሞቱት ገበሬዎች ስለ መሬታቸው የተነሡ ሰዎች ናቸው፤ ስለ መንግሥት አሠራር ጥያቄ ያቀረቡ ናቸውና በእኔ ሚዛን እነርሱም የመንግሥት ነገር ሰዎች ናቸው። በዚያ ዓመት የሃያ ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ ሰማንያውን ካለፈ ቆይቷል። ከእነዚህ ሽማግሌዎች ጥቂቶቹ በየቀበሌው አሉ፤ አያቴም አንዱ ናቸው፤ ባለፈው ክረምት ስጠይቃቸው የስድስት ሰዎች ስም ከነአባታቸው ነገሩኝ፤ ሰባተኛውን ግን ለማስታወስ ሞክረው አቃታቸው። ነገ ስድስተኛውም ሊጠፋ ይችላል።

ስለዚህ ስለ ሐውልት የምናደርገውን ክርክር ለጊዜው አቆይተን፣ በመጪው የዕረፍት ጊዜ እያንዳንዳችን በየቀያችን ሽማግሌዎችን ጠይቀን፣ የሰማነውን ስም ከነአባቱ፣ ከነቀዬው፣ ማን እንደ ነገረንም ጨምረን እንድንጽፍ አሳስባለሁ። ጽሑፉ በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጥ። ድንጋዩ በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ስሙ ግን መጠበቅ አይችልም። እኔ የያዝኋቸውን ስድስት ስሞች ለዚህ ሥራ መጀመሪያ አቀርባለሁ፤ ከሳትሁበት ደግሞ መምህራንና ጓደኞቼ በሚቀጥለው እትም እንዲያርሙኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።